መከታ የአካባቢ ጥበቃ የሆነ ጊዜ

ኑ፣ ቀረብ በሉ፤ ተረት ይዤላችሁ መጥቻለሁ። የሚያንጎላጅ ካለ አሁኑኑ ሄዶ ፊቱን ይታጠብ፤ ውሃውን ግን በጣሳ ይቅዳ እንጂ ቧንቧውን እንደከፈተ አይተወው፣ ወዮለት! ተዘጋጃችሁ? "ተዘጋጅተናል" በሉኛ! እህ፣ እንደሱ ነው።

ድሮ፣ ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ እንስሳት ገበያ በሚወጡበት፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እርጥቤ የሚባል መንደር ነበረ። ድሮ ስላችሁ ታዲያ ፌስታል ከተፈጠረ በኋላ ነው። ምን ያስቃችኋል? ተረቱ የኔ ነው፤ ድሮውም የኔ ነው።

በእርጥቤ መከታ የሚባል ውሻ ይኖር ነበር። መከታ ደግ ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ታማኝ ነው። ችግሩ ችኩል ነው። "ና" ሲሉት ደርሶ፣ አልፎ ሄዷል። ንግግር ሲጀመር ሰምቶ፣ ሳያልቅ ተነስቷል። ይህ መከታ ሸጌ የምትባል አሮጊት እናት አለችው። ሸጌ ዓይኗ ጠፍቷል፣ የኋላ እግሮቿም አይታዘዙላትም። ልጇ በየማለዳው ከምንጩ በቅል ውሃ ቀድቶ ያመጣላታል። እሷም ትጠጣና "እደግ ልጄ፣ ተመንደግ" ትለዋለች። መከታ ይህን ሳይሰማ የዋለ ቀን ቀኑ ቀን አይመስለውም ነበር።

ያን ሰሞን የእርጥቤ ምንጭ ቀጠነ። ድሮ ድምፁ ከኮረብታው ማዶ ይሰማ ነበር፤ አሁን ጆሮ አስጠግቶ ማዳመጥ መጣ። እንስሳቱ ተጨነቁና የመንደሩ ሽማግሌ፣ ጋሽ እርገጤ ኤሊ፣ ስብሰባ ጠራ። ጋሽ እርገጤ አስተዋይ ነው፤ አነጋገሩ ግን ለጉድ ነው። አንድ ቃል ተናግሮ ሌላውን እስኪያስከትል ገበያ ደርሶ መመለስ ይቻላል።

"ወገኖቼ..." አለ ጋሽ እርገጤ። ዝም አለ። "ውሃችን... እየሄደ... ነው።" ዝም አለ። አንገቱን ወደ ድንጋይ ልብሱ አስገባ፣ አወጣ። "ስለዚህ... ከዛሬ... ጀምሮ... የአካባቢ... ጥበቃ..."

መከታ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ።

"ጥበቃ!" አለ በልቡ። "ጥበቃ ማለት በር ላይ ቆሞ ሌባ የሚያባርር አይደለም እንዴ? በዚህ መንደር ከኔ ሌላ ጥበቃ ማን አለ? ሾሙኝ ማለት ነዋ!"

ጅራቱን አቁሞ እየበረረ ወደ ቤቱ ሄደ። ከኋላው ጋሽ እርገጤ ንግግሩን ቀጠለ። "የያንዳንዳችን... ሥራ... ነው። ፌስታል... የጣለ... ያንሳ። ልጣጭ... ያለው... ይቅበር። ገበያ... የሚወጣ... ዘንቢል... ይያዝ።" አህያው ሰማ፤ ዶሮዋም ሰማች፤ መንደሩ በሙሉ ሰማ። መከታ ግን የለም። መከታ እናቱ ጋ ደርሷል።

"እማዬ! እማዬ! ጥበቃ ሆንኩ!"

"የምን ጥበቃ ልጄ?"

"የአካባቢ!"

"አካባቢውን በሙሉ? ብቻህን?"

"ብቻዬን!"

"እሰይ! እልል!" አለች ሸጌ፤ ከዚያ ጆሮዋን ቀሰር አደረገች። "ሌባው ግን ማነው?"

"ውሃ የሚሰርቅ አለ እማዬ። ጋሽ እርገጤ ራሱ 'ውሃችን እየሄደ ነው' አለ። ውሃ እግር የለው፤ ካልሰረቁት በምን ይሄዳል?"

ሸጌ አሰበች፣ አሰበች። ወገኖቼ፣ እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

በማግስቱ መከታ መንደሩ መግቢያ ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ወዲያው አህያው ጫንያለው ጆንያ ተሸክሞ ከመንደሩ ሲወጣ አየው።

"ቁም! ማነህ?"

"ጫንያለው ነኛ! ጎረቤትህን ረሳኸኝ እንዴ?"

"ጥበቃ ጎረቤት የለውም። ምን ይዘሃል?"

"ፌስታል። ከየጥጋጥጉ ለቅሜ ነው። ደህና ደህናውን አጥቤ መልሼ እይዝበታለሁ፤ የተቀዳደደውን ለቆራሌው እሰጠዋለሁ።"

"ከአካባቢው ዕቃ ማውጣት ክልክል ነው!"

"ኧረ ይሄ ዕቃ አይደለም፤ ቆሻሻ ነው!"

"ቆሻሻም ቢሆን የአካባቢው ቆሻሻ ነው። እዚህ ውስጥ ያለ ሁሉ በኔ ሥር ነው። አራግፍ!"

"መከታ፣ ምን ነካህ?" አለ ጫንያለው፣ ጆሮው ሁለት ቦታ ተጣጥፎ። "ለአካባቢ ጥበቃ ብዬ እኮ ነው የለቀምኩት!"

መከታ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። "ለኔ ብለህ ከሆነማ ለምን ታለፋኛለህ? በል አስረክበኝ!"

 ጫንያለው ጆንያውን አራግፎ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

አሁን ፌስታሉ በመከታ እጅ ነው። ውሻ አደራ ሲሰጡት የት ያደርጋል? ይቀብራል! አያቱም እንዲህ አደረገ፣ አባቱም እንዲህ አደረገ። መሬቱ ሁሉ በበጋ ደርቆ አለት ሆኗል፤ ለጥፍር የሚመች ለስላሳ አፈር ያለው ምንጩ አፍ ላይ ብቻ ነው። መከታ እዚያው ቆፈረ፣ ቀበረ፣ በአፍንጫው ደመደመና "አሁን ማንም አይነካው" ብሎ ደስ አለው።

በነጋታው ቅሉን ይዞ ወረደ። ውሃው ከትናንቱ ቀጥኗል፤ ቅሉ ጎደል እንዳለ ተመለሰ። ሸጌ ጠጣች፤ "እደግ ልጄ" አለች። "ተመንደግ"ን ረሳችው።

መከታ ግራ ገባው። ግራ ቢገባውም ጥበቃውን አጠበቀ።

ወደ ጓሮ ሲዞር እትዬ ዘርፌን አያት። እትዬ ዘርፌ የመንደሩ ዶሮ ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች ቀና አትልም። መሬቱን ትጭራለች፣ ትጭራለች፣ አፈር ወደኋላ ይበተናል።

"እትዬ ዘርፌ! ምን ትቆፍሪያለሽ?"

"ልጣጭ ልቀብር ነው። የድንቹን፣ የካሮቱን። ሲበሰብስ ለጎመኔ ፍግ ይሆናል።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"የአካባቢ ጥበቃ ነዋ!"

"እኔ? እኔ መቼ ፈቀድኩልሽ?"

"አንተን ማን ጠየቀህ?"

"የአካባቢ ጥበቃ ብለሽ!"

"አዎ፣ የአካባቢ ጥበቃ ብያለሁ!"

"እሱ እኮ እኔ ነኝ!"

እትዬ ዘርፌ በአንድ ዓይኗ አየችው፤ ዞራ በሌላው አየችው። በሁለቱም ያው መከታ ነው። "ይሄ ልጅ ጤናም የለው" አለች።

መከታ ተናደደ። "ቀድሞም ጠርጥሬሻለሁ! ስምሽስ ራሱ ዘርፌ አይደል? ዝርፊያው ከስምሽ ይጀምራል!"

"ኧረ በስመ አብ! አባቴ ባወጣልኝ ስም ትሰድበኛለህ? በል ከፊቴ ጥፋ!" አለችና፣ ክንፏን አራግፋ፣ እያለቀሰች ሄደች። አዎ፣ አለቀሰች። በስሟ መጣባት፤ ታዲያ ማን አያለቅስም?

መከታ ጉድጓዱን ደፈነ። ልጣጩን አንድም ሳያስቀር ሰብስቦ ፌስታል ውስጥ ከተተ፣ ጥብቅ አድርጎ አሰረ፣ ወስዶም ምንጩ አፍ ላይ ቀበረው። ሰነፍ ነው አትሉትም፤ እንዲህ የሚለፋ ጥበቃ በየት አገር ይገኛል?

በነጋታው ቅሉ ከግማሽ በታች ሆነ። መከታ ይበልጥ ግራ ገባው። አህያውን አስቁሟል፣ ዶሮዋን አባሯል፤ ውሃው ግን ይሄዳል። ማነው ታዲያ? ግራ ቢገባውም ጥበቃውን አጠበቀ።

ያን ቀን ነፋስ ተነሳ። ከየአጥሩ ሥር ቢጫ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ ፌስታል ብድግ ብድግ እያለ በረረ። መከታ ጮኸ።

"ቁም! ነፋስ! ወዴት ነው የምትወስደው?"

"እኔ ምኑን አውቃለሁ?" አለ ነፋስ እያፏጨ። "የቀለለኝን አነሳለሁ፣ የከበደኝን እተዋለሁ። ባለቤት ካለው ለምን ሜዳ ላይ ጣለው?"

"ባለቤቱ እኔ ነኝ!"

"እንግዲያው ያዘው!" ብሎ ነፋስ ይብስ አጓራ።

መከታ ሮጠ። አንዱን ከቁልቋል ላይ ነጠቀ፤ እሾኹ አፍንጫውን ወጋው። አንዱን ከገደል አፋፍ ያዘ፤ ለጥቂት አብሮት አልወረደም። ምላሱ መሬት እስኪነካ ሮጦ፣ ነፋስ የወሰደውን ሁሉ አንድ በአንድ መለሰ። የት ቀበረው? እናንተው ንገሩኝ። አዎ፣ እዚያው!

በነጋታው ምንጩ ጠብ አልል አለ። መከታ ቅሉን ደቅኖ ጠበቀ፣ ጠበቀ። ባዶውን ተመለሰ።

እንስሳቱ ተላቀሱ። ጋሽ እርገጤም መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያዘግም ተናገረ። "ደርቋል። ከተራራው ጀርባ ወዳለው ወንዝ እንሂድ። ሌላ ምርጫ የለንም" አለ።

ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ ገደል ነው። መከታ በእፍረት አቀርቅሮ ወደ ጫንያለው ሄደ። "እናቴን ታዝልልኛለህ?" አለው።

ጫንያለው ቂም አልያዘም፤ ግን መዋሸት አልፈለገም። "መከታ፣ ለሸጌ ጀርባዬን አልሰስትም። ያን ገደል ግን ባዶ ጀርባዬንም መውጣቴን እንጃ። አዝያት ብንወድቅ ሁለታችንም አለቅን" አለው።

መከታ ወደ ቤት ተመለሰ። ሸጌ ሁሉንም ሰምታለች፤ ዓይኗ ቢጠፋ ጆሮዋ አልጠፋ።

"ሂድ ልጄ" አለችው። "እኔ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ። አንተ የአካባቢ ጥበቃ ነህ፤ አካባቢው ሲሄድ አብረህ ሂድ።"

"እማዬ፣ አንቺን ትቼ የት እሄዳለሁ?"

"አንተም እዚህ ደርቀህ ልትሞትብኝ ነው? ሂድ አልኩህ!"

መከታ አለቀሰ። ጭንቅላቱ ዞረበት። ቀን ከሌት ጠብቋል፣ ማንንም አላሳለፈም፣ አንድ ዕቃ አላስወጣም። ታዲያ ውሃው በየት በኩል ወጣ? ሌባው በምን በኩል ገባ? እያለቀሰ ወደ ምንጩ ወረደና ያ ለስላሳ አፈር ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አላዘነ።

"ኧረ እባክህ ተነስልኝ! ጨፈለቅከኝ እኮ!" አለ አንድ ድምፅ ከመቀመጫው ሥር።

መከታ ዘሎ ተነሳ። "ማነህ?"

"ፌስታል ነኝ።"

"ፌስታል! እንኳን አገኘሁህ፤ አንተ እታች ነህ፣ ታያለህ። ውሃው የት ሄደ?"

"የትም አልሄደም። እዚሁ ከሥራችን ነው። ሊወጣ ይገፋናል፣ እኛ እንይዘዋለን።"

"ለምን ትይዙታላችሁ?"

"ምን ላድርግ? እኔ መያዝ ነው የማውቀው" አለ ፌስታል፤ ድምፁ ያሳዝናል። "ቲማቲም ሲያስገቡብኝ ቲማቲም ያዝኩ፤ ጨው ሲያስገቡብኝ ጨው ያዝኩ። ሥራዬ ከሱቅ እስከ ቤት ነበር። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምሆን የነገረኝ የለም። አጠገቤ የወደቀው ቅጠል አፈር ሆነ፣ እኔ ግን አፈር ልሁን ብል እንቢ አለኝ። ከዚያ ውሃ መጣ፤ ውሃ ያዝኩ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?"

መከታ ጆሮውን አከከ። "እዚህ ማን አመጣህ?"

"ጥቂቶቻችንን ነፋስ ነው፤ በፊት። ብዙዎቻችንን ግን አንድ ውሻ።"

"የቱ ውሻ?"

"አላየሁትም፤ ሲቀብረኝ በፊቴ ደፍቶኝ ነበር።" ፌስታል ኮሽ አለ። "ድምፁ ግን ያንተን ይመስላል።"

መከታ ክው አለ።

ሌባ ያገኘ ጥበቃ ደስ ይለዋል፤ አይደል? መከታ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መጀመሪያ ያሰበውን ልንገራችሁ፤ አልደብቅም። "ማንም ሳያይ ቆፍሬ ላውጣው፤ ማን ያውቃል?" አለ። ቆፈረ። አንዱን ሲጎትት ተቀደደ፣ ከሥሩ ሌላ አለ፤ ያንን ሲጎትት ሌላ ተጠምጥሟል። እንዳይነካ ብሎ ራሱ ነው እንዲያ አድርጎ የደመደመው! ጥፍሩ ደማ። ቀና ሲል እንስሳቱ ተሰልፈው ገደሉን ሊጀምሩ ነው። እነሱ ከሄዱ ብቻውን አይችለውም። እሱ ካልቻለው ሸጌ ትሞታለች።

ሮጠ። እፍረቱን እዚያው ምንጩ ላይ ጥሎ ሮጠ።

"ቁሙ! ቁሙ! ሌባው ተገኝቷል!"

ሁሉም ዞሩ። እትዬ ዘርፌ ቀደመች። "ማነው ሌባው?"

"እኔ ነኝ!"

"እኔ? አሁንም እኔን ሌባ ልትለኝ ነው?"

"አይ፣ አንቺን አላልኩም! እኔ!"

"የቱ እኔ?"

"እኔ መከታ! ፌስታሉን ሁሉ ምንጩ አፍ ላይ የቀበርኩት እኔ ነኝ! ጠበቅኩ ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ! አህያው ሊያወጣው ሲል ያስቀረሁት፣ ነፋስ ሲወስደው የመለስኩት እኔ ነኝ!"

 ጫንያለው ጥርሱን ነከሰ። "አራግፍ ብለኸኝ..." አለና ዋጠው። አንዳንዱ "ይገረፍ!" አለ፤ አንዳንዱ "ጥለነው እንሂድ!" አለ። መከታ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ ተኛ። "የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፤ ብቻ መጀመሪያ እናቴ ውሃ ትጠጣ" አለ።

ይሄኔ እትዬ ዘርፌ አንገቷን ቆለመመች። ከሁሉ ይበልጥ በመከታ የተቀየመች እሷ ናት፤ ግን እውነት ስትናገር ማን ይቀድማታል?

"ቆይ እንጂ" አለች። "ይሄ ቂል ቀበረው። ከገበያ ያመጣው ማነው? እኔ ሽንኩርቴን በምን ይዤ መጣሁ? እናንተስ? ዘንቢሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ እጃችንን እያወዛወዝን ወጥተን፣ ለአንድ ሎሚ አንድ ፌስታል ስንቀበል አልነበረም? ባንጥለው ምኑን ይቀብረው ነበር?"

 መጀመሪያ ጫንያለው ዞረ። ቀጥሎ ሌሎቹ ዞሩ። ጋሽ እርገጤ ከሁሉ ኋላ ነበር፤ ሲዞሩ ከሁሉ ፊት ሆነ፤ ግን ወዲያው ቀደሙት።

መከታ ቆፈረ፤ እትዬ ዘርፌ ጫረች፤ ጫንያለው በጥርሱ ይዞ ጎተተ። ከአፈሩ ሥር ቢጫው ወጣ፣ ጥቁሩ ወጣ፣ ሰማያዊው ወጣ። የመጨረሻው ፌስታል ሲነቀል መሬቱ ጉርርር አለ። ጭቃ ተፋ። ከጭቃው በኋላ አንዲት ቀጭን ውሃ፣ እንደ ክር፣ ብቅ አለች።

እንደ ድሮው ሞልቶ ፈሰሰ ብዬ አልዋሻችሁም። አልሆነም። የታመቀው ውሃ ከፊሉ በሌላ በኩል ሰርጎ ጠፍቷል፤ ክረምት እስኪገባ ድረስ እርጥቤዎች እየቆጠቡ ነው የጠጡት። የታጠቡበትን ለጎመኑ አጠጡ፤ የድንቹን ልጣጭ ለአፈሩ መለሱ፤ የወጣውን ፌስታል ጫንያለው ለቆራሌው አደረሰ፤ ገበያ ሲወጡ ዘንቢላቸውን አንጠለጠሉ። ግን ማንም ገደሉን አልወጣም።

መከታ በዚያው ቀን ቅሉን ሞልቶ ለሸጌ ወሰደላት። ጠጣች። አፏን ላሰች።

"አፈር አፈር ይላል" አለች።

"እማዬ" አለ መከታ። "ውሃውን የዘጋው ሌባ እኔ ነበርኩ። ጠበቅኩ ብዬ እኮ ነው። አሁንም ግራ እንደገባኝ ነው።"

 ሸጌ በአፍንጫዋ ፈልጋ፣ የደማ መዳፉን አግኝታ ላሰችለት።

"ሌባውን ያዝከው?" አለችው።

"ያዝኩት።"

"እንግዲህ አትልቀቀው" አለችው።

መከታም አልለቀቀውም። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ተነስቶ መጀመሪያ የሚፈትሸው የራሱን አፍ ሆነ፤ ምን እንደያዘ፣ የትስ ሊያደርገው እንደሆነ። አካባቢ የሚጠበቀው በር ላይ ቆሞ ሌላውን በመጠርጠር አይደለም፤ እያንዳንዱ የጣለውን ሲያነሳ፣ የሚበሰብሰውን ለአፈር፣ የማይበሰብሰውን ወደ ቦታው ሲመልስ ነው። ይኸው፣ የተረቴ ፍሬ ይህ ነው።

እኔ ጨረስኩ፤ አፌ ደረቀ። ለተራኪ ዳቦ መስጠት ወግ ነውና አምጡልኝ፤ በፌስታል ጠቅልሎ የሚያመጣልኝ ግን ዳቦውን ራሱ ይብላው!